ሮቦት ወይስ ካሜራ፦ የጋሼ ይማምን ምርቃት ፍለጋ ወደ ሸርቆሌ

ከአሶሳ የወጣሁት አገር ለማየት አይደለም። አገሩን አውቀዋለሁ፤ የተወለድኩት እዚሁ ነው። የወጣሁት የእናቴ ሐሞት ከረጢት በምን ይውጣ በሚል ክርክር፣ ሆስፒታል ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ አጎቴን ለማሳመን ነው። ይህም ጉዞ ሆኖ ይጻፋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ያንኑ ነው። ግን መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ሮቦት ከሐኪም በላይ የሚያውቅ ሲመስለው ሳይ፣ የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጠው ብዬ ቆረጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እናቴ ዘሀራ ከሁለት ዓመት በላይ ቀኝ ጎኗን ይዛ ስትጎብጥ ኖራለች። ቅባት የነካው ምግብ ከቀመሰች ስታቃስት ታድራለች። «ጨጓራ ነው» ተባለ፤ ተልባ ጠጣች። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ፌጦ ጠጣች። በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ስትታይ ሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቶ ተገኘ። ከዚያ ዕድል ቀናን። ከአዲስ አበባ ቀዶ ሐኪሞች የካሜራ መሣሪያቸውን ይዘው ለአንድ ሳምንት አሶሳ ሊሠሩ መጡ። እናቴ ተመዘገበች። ተራዋ ሐሙስ ሆነ። ቅዳሜ ሐኪሞቹ ይመለሳሉ፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

እልል ማለት ሲገባን እናቴ «ይማም ሳይመርቀኝ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም» ብላ እርፍ።

ጋሼ ይማም ታላቅ ወንድሟ ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ አባትም እናትም አልነበራቸውም። ጎረምሳው ይማም ሕፃኗን ዘሀራን በጀርባው አዝሎ ከጭነት መኪና ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አባቷም እናቷም እሱ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ትልቅ ነገር ታላቅ ሳይመርቅ አይጀመርም። ምርቃቱም በአካል ነው፤ እጁን ጭንቅላትሽ ላይ ይጭናል፣ ዱአ ያደርጋል፣ እንትፍ እንትፍ ይልብሻል። «በስልክ ይመርቅሽ» ስላት «ምራቅ በስልክ ይመጣል?» አለችኝ። ስልኩም ቢሆን አይሠራም። ጋሼ ይማም ወርቅ የሚያስቆፍረው ከሸርቆሌ ወዲያ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ነው።

በሾፌር መልእክት ላክንበት። በነጋታው በዚያው ሾፌር መልስ መጣ፦ «ዘሀራን የሰው እጅ አይነካትም። ዘንድሮ ሮቦት አለ፤ በቪዲዮ አይቻለሁ። ሮቦት ካልሆነ አልመርቅም፤ ህንድ አገር እልካታለሁ።»

ህንድ! እናቴ ፓስፖርት ይቅርና የታደሰ መታወቂያ የላትም።

ዶክተሯ ያለችኝ

ከመሄዴ በፊት ሆስፒታል ሄጄ የቡድኑን መሪ ጠየቅኳት። እናቴ ምርመራ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ወንድሜ ከድር በር ላይ ቆሟል። ዶክተሯ ሃምሳ ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት።

«ዶክተር፣ አጎቴ ሮቦት ይሻላል ይላል» አልኳት።

«ምን ሮቦት?»

«ብቻውን የሚቀድ። ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው።»

ሳቀች። «ብቻውን የሚቀድ የለም። ሐኪሙ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክንዶቹን ያንቀሳቅሳል። እጁ የሐኪሙ ነው፤ መሣሪያው ነው የሚረዝመው። እኔም የማደርገው ያንኑ ነው። ሆዷን በጋዝ ነፋ አድርጌ፣ በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቼ፣ ስክሪን እያየሁ እሠራለሁ።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሮቦቱ መሣሪያ ጫፉ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል። የኔ ቀጥ ያለ ነው። ምስሉም ጥልቀት ያሳያል፤ ሐኪሙም ቆሞ አይደክምም። ጠባብና ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የወንዶች ፕሮስቴት ላይ፣ ይህ ይጠቅማል። እንደ እናትሽ ላለ የሐሞት ጠጠር ግን ለታካሚው ያመጣው ትልቅ ልዩነት የለም። ጊዜውን ያረዝማል፣ ወጪውን ያበዛል።»

«ስለዚህ የእርስዎ አይከፋም?»

«አይከፋም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትደነግጪ። ከረጢቱ ከጉበትና ከአንጀት ጋር ተጣብቆ ካገኘሁት፣ ወይ ደም ካስቸገረኝ፣ ካሜራውን ትቼ ሆዷን እከፍታለሁ። ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት የሠራሁት በመክፈት ነው። መጠበቁ ግን አይበጃትም። አንዱ ጠጠር ቱቦው ውስጥ ከተቀረቀረ ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ ጣጣው ሌላ ነው።»

ከድር ውጭ ሲያገኘኝ እጅጌዬን ይዞ «ያቺን የመክፈት ነገር ለጋሼ እንዳታነሺ» አለኝ። «ከሰማ በቃ። እማም እንዳትሰማ።» እሺ አልኩ። ከድር ራሱ ለምን እንደማይሄድ ስጠይቀው ሥራ አለብኝ አለ። እሱ ሁልጊዜ ሥራ አለበት።

መናኸሪያ

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። የሆሞሻ ሚኒባስ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!» ይባልበታል፤ ስገባ ውስጡ ያለነው አራት ነን። አስራ ምናምኑ ወንበር እስኪሞላ ፀሐዩ ጣሪያውን አጋለው። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ ሃምሳ ብር ጨምሮ ጠየቀኝ። ታሪፉን በጣቴ ሳሳየው «እሱ የድሮ ነው እህቴ፣ ለጌጥ ነው» አለኝ።

ከጎኔ የተቀመጡት ልብስ ነጋዴ ሰውዬ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ነገርኳቸው። ሚኒባሱ ሙሉ ጆሮ ሆነ።

«ልክ ናቸው አጎትሽ!» አሉ ነጋዴው። «ሮቦት አይሳሳትማ።»

«አባባ፣ ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው።»

«ሰው ቢያንቀሳቅሰውም አይሳሳትም። እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ህንድ አገር መብራት አይጠፋም።»

«የእኛዋ ዶክተር እኮ አሶሳ ናት ያለችው!»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከኋላ ያሉት «እውነታቸውን ነው» አሉ። ምኑ ነው እውነቱ? መስኮቱን ልከፍት ብል እጀታ የለውም።

ከፊቴ ባዶ የማንጎ ቅርጫት አቅፈው የተቀመጡት ሐዋ የሚባሉ የበርታ ሴት ዞር አሉ። ገበያ ሸጠው ወደ ሆሞሻ እየተመለሱ ነው። «እናት ታመመ?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«አዎ። ሆዷ ውስጥ ጠጠር አለ።»

«ድንጋይ? ሆድ ውስጥ? ወላሂ?» ቅርጫቱን መታ መታ አደረጉት። «እዚህ አገር ሁሉ ሰው ድንጋይ ይቆፍራል፣ ወርቅ የለም። እናት ያንተ ሳይቆፍር አገኘ። ወርቅ ቢሆን ጥሩ ነበር!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሐዋ ግን ቶሎ ኮስተር ብለው «አላህ ያሽረው። ያወጣል ሰው ጥሩ ከሆነ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ነጋዴው «ሰው ሳይሆን ማሽን ነው ዋናው» ሊሉ ሲጀምሩ ሐዋ ጀርባቸውን ሰጧቸው።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ መታወቂያዬን እያገላበጠ «የጉዞ ምክንያት?» አለኝ።

«ምርቃት ልቀበል።»

«ምን?»

«የአጎቴን ምርቃት። ወርቅ ቆፋሪ ነው።»

ወርቅ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ቦርሳዬን አራግፎ ሁለት ቂጣ፣ የጋሼን አዲስ ሽርጥና የስልክ ቻርጀር አየ። «ምርቃቱን ምን ላይ ይዘሽ ትመለሻለሽ?» አለ። እየሳቀብኝ ይሆን ወይስ ከልቡ ይሆን እስካሁን አላወቅኩም።

ሆሞሻ

ሆሞሻ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። መንገድ ዳር የማንጎ ዛፎቹ ፍሬ ተሸክመው አጎንብሰዋል፤ ከሥራቸው የተቀመጠ ሰው ሁሉ አይነሳም። ሐዋ እጄን ይዘው አንድ ዳስ ውስጥ አስገቡኝና የማሽላ ገንፎ በከንከሴ ወጥ አስቀረቡልኝ። ከንከሴ ሌላው አገር ባሚያ የሚለው ነው፤ እየተንዛዛ ከጣት ጋር ይመጣል። እናቴ በሽታው ሳይጀምራት በፊት ከበርታ ጎረቤታችን ተምራ ትሠራው ነበር። በላዩ ቀዩን የከርከዴ አበባ መጠጥ ጠጣሁ። ሒሳብ ልከፍል ስል ሐዋ ተቆጡኝ፤ «እናት የታመመ ሰው አይከፍልም» አሉ። እስከዚያ ሰዓት ያላበሳጨኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ የለም ተባለ። አለ ተባለ። የለም ተባለ። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ከሚኒባሱ አብራኝ ከወረደች ሴት ጋር ተጣብቄ ወጣሁ። መንገዱ ወደ ጉባ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች የፈጩት ቀይ አቧራ ነው። በግራም በቀኝም ቀርከሃ፣ የተቃጠለ ሣር፣ ሰው የሚያህል ኩይሳ። ሾፌሩ ስለ ሮቦት ሲሰማ (ሴትየዋ ነች የነገረችው፤ እኔ አፌን ዘግቼ ነበር) «እኔ ብሆን ሁለቱንም አልሞክርም፤ ማር በጥቁር አዝሙድ ነው» አለ። ለጠጠር ማር! አልመለስኩለትም። አለመመለሴን እንደ መስማማት ቆጥሮ እስከ ሸርቆሌ ስለ ጥቁር አዝሙድ አወራ።

ከሸርቆሌ ወዲያ

ሸርቆሌ ላይ ሞተር ተከራየሁ። ባለ ሞተሩ ሐሚድ ይባላል፤ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ አማርኛው እንደ ሐዋ ነው። ዋጋ ስከራከረው ሳይናደድ «መንገድ ያያል፣ ከዚያ ያወራል» አለኝ። መንገዱን ሳይ በጠየቀው ተስማማሁ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገብተን፣ ድንጋይ ለድንጋይ ዘለን፣ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ፤ አንዴም ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ።

እሱም ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሱን ስነግረው አልተናደድኩም።

«የኔ ሚስት አሶሳ ተቀደደ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ልጅ ተኝቷል ሆድ ውስጥ፣ እንዲህ፣ አግድም። ሮቦት የለም። ሐኪም አለ። ልጅ አሁን ይሮጣል፤ ፍየል ያባርራል።»

«ፈርተህ ነበር?»

«ኧረ! እኔ ውጭ ወደቀ። ውኃ አፈሰሰብኝ።»

ጉድጓዱ አፍ

የቁፋሮው ቦታ ሰማያዊ ሸራና የአፈር ክምር ብቻ ነው። መሬቱ ሁሉ ጠባብ ጉድጓድ ሆኗል፤ ሳያይ የሚራመድ ሰው በቁሙ ይቀበራል። ጋሼ ይማም አንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ እግሩን በግንድ ደግፎ፣ ገመድ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ተቀምጧል።

«ጋሼ!» አልኩ።

ቀና አላለም። «ሰዓዳ ነሽ? ቆዪ።»

«ከአሶሳ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ሰው ታች አለ። ቆዪ አልኩሽ።»

ቆየሁ። አቧራ ለብሼ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ጋሼ ገመዱን በጣቶቹ እየነካካ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ሰጥቷል። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ ጋሼ ባለበት ጉድጓድ ገመድ ያዡ ከማንም ጋር አያወራም፣ አያጨስም፣ ሰላምታ አይመልስም። አፈር ሲናድ ታች ያለው ሰው ገመዱን ሁለቴ ይነቀንቃል፤ ያኔ ያዡ ወሬ ላይ ከሆነ አለቀ። አዲስ ሰው ሲቀጠር ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቀው ገመድ መያዝ ይችል እንደሆነ ነው።

ታች ያለው ሰው ሲወጣ ጋሼ ገመዱን ፈታ፣ ተነሳ፣ ጉንጬን ስሞ «ዘሀራስ?» አለኝ።

«እየጠበቀችህ ነው። ሐሙስ ነው ተራዋ። ና መርቃት።»

«ሮቦት አገኛችሁ?»

«አላገኘንም።»

«እንግዲያው አልመርቅም።» ይህን ብሎ ሻይ ሊያፈላ ሄደ። ሰባት ሰዓት የሚሆን መንገድ መጥቼ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው።

ሸራው ሥር ተቀምጠን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ቀዳዳው ያው ነው አልኩ። ካሜራው ያው ነው አልኩ። የሚታጠፈው ጫፉ ነው፣ ለፕሮስቴት ነው፣ ለሐሞት አያስፈልግም አልኩ።

«ማሽን አይደክመውም» አለ።

«የሚያዘው ሰው ይደክመዋላ!»

«ማሽን ጠዋት ከሚስቱ ጋር አይጣላም። የሰው እጅ እኮ ሰዓዳ፣ ሲናደድ ይንቀጠቀጣል።»

«የሮቦቱም ሐኪም ሚስት ይኖረዋል!»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። አንዱ «ሮቦቷን ራሷን ያገባ ካልሆነ» አለ። ጋሼ አልሳቀም። ከአንዱ ቆፋሪ ስልክ ተቀብሎ፣ ከከተማ ተጭኖ የመጣውን ያንን ቪዲዮ አሳየኝ። ቀጭን የብረት ክንድ አንዲት የወይን ፍሬ ልጣጭ ይሰፋል። «እይ» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ወይን የሚሰፋ እጅ እያለ እህቴን ለምን ለሌላ እሰጣለሁ? እኔ እኮ በጀርባዬ ነው ያመጣኋት።»

እዚህ ላይ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን ነደደኝ። ሲመሽ ይታየኛል፣ ሐሙስ ይታየኛል፣ የእናቴ ዓይን ቢጫ ሆኖ ይታየኛል። ከድር ያስጠነቀቀኝን ሁሉ ረሳሁት። «እማ የወይን ፍሬ አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። «ዶክተሯ ራሷ ካሜራው ላይሆን ይችላል ብላለች! ከረጢቱ ተጣብቆ ከሆነ ሆዷን እከፍታለሁ ብላለች! ለአንተ እንዳልነግር ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ይኸው ነገርኩህ፤ አሁን ደስ ይበልህ!»

ሻዩን አስቀመጠ። አበቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በሆዴ።

«ማን ነው የሚከፍተው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷው።»

«ያቺው በካሜራ የምትሠራዋ?»

«አዎ። ካሜራ ሳይመጣ በፊት ለዓመታት በመክፈት ነው የሠራሁት ብላኛለች።»

ወደ ጉድጓዱ አየ። «ሮቦቱስ? ሲያቅተው ምን ያደርጋሉ?»

«ያው ነው። ክንዶቹን ያነሱና ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ጓንት አድርጎ ይከፍታል።»

«በእጁ?»

«በምኑ ታዲያ?»

ገመዱን አንስቶ ጠቀለለው። ከዚያ ወደ ስልኩ ባለቤት ዞሮ «ይህን ለምን አላሳዩም?» አለው፣ ቪዲዮውን እሱ የሠራው ይመስል። ለእኔ ደግሞ «ሳይነግሩኝ ቢሆን ኖሮ አልመርቅም ነበር» አለኝ። «ሰውን ወደ ታች ሳወርድ ማን ይቆፍራል አልልም፤ ማንም ይቆፍራል። አፈሩ ሲናድ ማን ያወጣዋል ነው የምለው። ያቺ ሴትዮ ገመድ መያዝ ታውቃለች። እንዳይሆን ሊሆን እንደሚችል ቀድማ ተናግራለች።»

«እና ትመጣለህ?»

«ጠዋት።»

መልስ

ጠዋት ያለው ጠዋት ሊሆን አልቻለም። እሱ ከሌለ ገመድ የሚያስይዘው ሰው የለም። ቆፋሪዎቹ እኛ እንይዛለን አሉ፤ አንዱን ያዝ አለው፣ አየው፣ አይሆንም አለ። ሁለተኛውንም አየው፣ አይሆንም አለ። በመጨረሻ ጉድጓዱን በግንድ ዘግቶ «እስክመለስ የሚወርድ የለም» አለ። የሰዎቹ የቀን ገቢ ቆመ። ማጉረምረሙ እዚያው እስካደረው የሐሚድ ሞተር ድረስ ተከተለን። እኔም አጉረመረምኩ፤ ረፍዶብናላ።

ሸርቆሌ ላይ ያገኘነው መኪና ሆሞሻ ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፉ ጎማም የተነፈሰ ነበር። ቀርከሃ ጥላ ሥር ተቀምጠን መፍትሔ ስንጠብቅ ጋሼ ይማም ለተሳፋሪው ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምና ማስተማር ጀመረ። ትናንት ሮቦት ካልሆነ ያለው ሰውዬ!

«ሮቦት ማለት ረጅም መቆንጠጫ ነው» ይላል። «ጫፉ ይታጠፋል። ጥሩ ነው፣ ለሽንት ቧንቧ በሽታ ነው።»

«ፕሮስቴት ነው ጋሼ።»

«ያው ነው። ለሐሞት ግን ካሜራው ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ምንድን ነው?» ብሎ ጣቱን ያነሳል። «ቢያቅተው ማን ይከፍታል? ይህን ሳትጠይቁ ማንም አይቅደዳችሁ።»

አንድ ሽማግሌ «ሐኪም እንዲህ ቢጠይቁት ይቆጣል» አሉ።

«የሚቆጣ ከሆነ ተነሱና ውጡ» አለ ጋሼ።

ደህና አድርጎ ነው የተናገረው። ግን ይህንኑ ትናንት በመጀመሪያው ሻይ ቢለው ኖሮ እኔ ጉሮሮዬ አይሰነጠቅም ነበር።

አሶሳ የገባነው ረቡዕ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ጋሼ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጫነ፣ ዱአ አደረገ። «እንትፍ! እንትፍ! የሚነካሽ እጅ የተባረከ ይሁን። ቢዘጋም ቢከፈትም በሰላም ውጪ።» እኛ አሚን አልን። ከድር ግን አሚን ሳይል እኔን አፈጠጠብኝ። «ቢከፈትም? ነገርሽው?»

«ዝም በል አንተ» አለች እናቴ። «ዶክተሯ ስትናገር እኮ እዚያው ተኝቼ ነበር። ጎኔን ነው ያመመኝ እንጂ ጆሮዬን መች አመመኝ።»

«ታዲያ ካወቅሽ፣ ካልፈራሽ፣ ለምን እዚያ ድረስ ላክሽኝ?» አልኳት።

የጋሼን እጅ ይዛ አልለቀቀችም። «እና ሳልልክ መቼ ይመጣል? ስንት ጊዜ ሆነው ከዚያ ጉድጓድ ከወጣ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን የሞተር ቁስል አየሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ገባች። ቶሎ ትወጣለች ብለውን ነበር። ቆየች። ከድር ኮሪደሩን ይለካል፤ ጋሼ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳየሁት፣ በሩን ያያል። ላናግረው ብል አልመለሰልኝም።

ዶክተሯ ወጥታ ጭንብሏን አወረደች። «ከፍቻታለሁ» አለች። «ከረጢቱ ተቆጥቶ ከአካባቢው ጋር ተጣብቆ ነበር። በካሜራ ብገፋ ዋናውን የሐሞት ቱቦ እነካለሁ ብዬ ፈራሁ። ከረጢቱ ከነጠጠሩ ወጥቷል። ደህና ናት።»

እኔ ግን ደህና ናት የሚለውን ሰምቼ ሳልጨርስ ተናደድኩ። አራት ትንንሽ ቀዳዳ ብዬ ለስንቱ ተከራክሬያለሁ! «ዶክተር፣ ሮቦት ቢሆን ኖሮ አትከፈትም ነበር?»

ቶሎ ቶሎ የምታወራዋ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለች። «አላውቅም። ምናልባት ያው ይሆን ነበር፣ ምናልባት አይሆንም። የዛሬዋን ዘሀራ በሁለቱም ሠርቼ ማወዳደር አልችልም። አላውቅም የምልሽ ስለማላውቅ ነው።»

ጋሼ ቀና አለ። «አንቺው ነሽ የከፈትሽው?»

«እኔው ነኝ አባባ።»

«አላህ እጅሽን ያቆይልሽ» አለና የጠየቀው ሌላ ነገር የለም። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ስታየው፣ ከንፈሯን በውኃ አርሶላት፣ በነጋታው ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ሰዎቹ ሥራ ፈትተዋል።

ቤት

በቀዳዳ ብቻ ቢሆን በማግስቱ ትወጣ ነበር። ተከፍታ ስለሆነ ግን ቡድኑ ከሄደ በኋላ የእኛው ሐኪሞች ስፌቷን እያዩ ሳምንት ያህል አቆዩዋት። ያመጣናት በባጃጅ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጎኗን በትራስ ይዛ «አራት ቀዳዳ ነው ያልሽው!» ትለኛለች፤ ባጃጁንም መንገዱንም እኔ የሠራሁት ይመስል።

ጉዞው ምን አስተማረኝ? እኛ አገር ስለ ማሽን ስንከራከር የምንከራከረው ማሽኑ ሲያምርበት ምን እንደሚሠራ ነው። ሲያቅተው ምን ይሆናል፣ ያኔ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ሳልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ እንዲያውም ተነግሮኝ ልደብቀው ነበር። ሮቦቱ መጥፎ ነው አልልም። አንድ ቀን አሶሳ ቢመጣ፣ ለሚያስፈልገው ሰው እሰየው። ግን ያኔም መብራቱ ይኑር፣ ሐኪሙ ይኑር፣ ሐኪሙም በእጁ መክፈት ያልረሳ ይሁን። አጎቴ ይህን በአንድ ጥያቄ አገኘው፤ እኔን ግን ለዚህች አንድ ጥያቄ ሁለት ቀን አንከራተተኝ።

ትናንት ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። እትዬ መዲና ገና ሳይቀመጡ «በምን ነው የሠሩሽ ዘሀራ? በሮቦት ነው በካሜራ?» አሉ።

«በካሜራ ጀመሩኝ፣ በእጅ ጨረሱኝ» አለች እናቴ። «ሳልተኛ እኮ ዶክተሯ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ክፍሉ ብርድ ነው፣ አልጋው ብርድ ነው፤ የእሷ እጅ ግን ትኩስ ነበር።»

እትዬ መዲና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ተመስገን ነው። ግን እኮ ሮቦት ቢሆን ኖሮ…»

ተነስቼ ወጣሁ።